መቶ ድረስ ትቆጥራለች፣ አራት ስኒ ማምጣት ግን አትችልም

ትናንት ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ልጄ እርሳሷን እንደጨበጠች ደብተሯ ላይ ተኛች። ዕድሜዋ አራት ዓመት ከስምንት ወር ነው፤ ኬጂ አንድ ናት። ቀና ሳደርጋት የእርሳሱ ጥቁረት ጉንጯ ላይ ታትሟል፤ ከቤት ሥራው ገና አንድ ገጽ ተኩል ይቀራል። እኔስ ምን አደረግሁ? አፍሬም ቢሆን ልናገረው፤ የልጅ ጽሑፍ እንዲመስል የቀረውን በግራ እጄ ጻፍሁላት። የመጀመሪያዬም አይደለም። ባለፈው ሳምንት በግራ እጄ ለጻፍሁት ገጽ መምህርቷ «ጎበዝ» ብላ ኮከብ ሰጥታኛለች።

አዳማ ላይ ልጅ የምታሳድጉ ይህን ሳታውቁት አትቀሩም። ልጅ ከትምህርት ቤት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትመለስ የግቢው ሲሚንቶ እንደ ምጣድ ግሏል። ደጅ መጫወት የሚቻለው ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ አስራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ አስራ ሁለት ተኩል ሲሆን ደግሞ ይጨልማል። በቀን ውስጥ ያለችን የጨዋታ ጊዜ ያቺው አንድ ሰዓት ተኩል ናት፣ እሷንም የቤት ሥራ ይበላታል። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለምን አታጽፊያትም?» የሚለኝ አለ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ወንበር ላይ ተቀምጣ የዋለች ልጅ ቤት እንደገባች እንቅልፍ ይጥላታል፤ ምን ላድርግ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ ሰውነቱን ሊያንቀሳቅስ ይገባል ይላል። የኔዋ ከባጃጅ ወርዳ እስከ በራችን የምትሮጠውን ጨምሬ ባሰላውም ግማሹ አይሞላም።

ደግሞ የሚጻፈው ብዛቱ! በአንድ በኩል 231 የግዕዝ ሆሄ፣ በሌላ በኩል 26ቱ የእንግሊዝኛ ፊደል በትልቁም በትንሹም። እዚህ ከተማ ቁቤም አለ። ‹ሲ› የምትባለዋ ፊደል በእንግሊዝኛው ድመት ላይ ‹ክ› ሆና ትነበባለች፣ በቁቤ ግን ‹ጭ› ናት። ‹ኤክስ› ደግሞ ‹ጥ› ናት። ሦስቱንም ቋንቋ ብትችል ደስታውን አልችለውም፤ ጠቤ ከቋንቋው ጋር አይደለም። ኦሮምኛውንማ ማንም ሳያስተምራት ከጎረቤት ልጆች ጋር ድብብቆሽ ስትጫወት ለምዳው እኔን ታርመኛለች። የሚያቃጥለኝ «እማዬ፣ እጄን አመመኝ» የምትለው ነው። እውነቷን ነው። የእጅ አንጓ ስምንት ትንንሽ አጥንቶች አሉት፤ ልጅ ሲወለድ አንዳቸውም ገና አልጠነከሩም፤ ተራ በተራ እየጠነከሩ ዓመታት ይፈጃሉ። በዚህ እጅ ነው ሁለት ገጽ ሙሉ የምታጽፉት? ሊጥ ሳቦካ ቆንጥሬ ብሰጣት ያለማንም ግፊት ግማሽ ሰዓት ስታድቦለቡል ትቆያለች፤ ጣት የሚጠነክረው እንደዚያ ነበር።

የስኒውን ነገር ልንገራችሁ። ከወር በፊት ጎረቤት ለቡና ጠርቼ ሳለ ጉራዬ መጣና «እስቲ ለእትዬ ቁጥር ቁጠሪላቸው» አልኋት። በእንግሊዝኛ እስከ መቶ አንበለበለችው። ጭብጨባ። እኔም ቡናዬን እየቀዳሁ «በይ አራት ስኒ ጨምሪልኝ» ስላት እቅፏ የቻለውን ሁሉ ይዛ መጣች፤ ሰባት ስኒ። «አራት ነው ይሄ?» ብላት «አዎ» አለችና አንድ፣ ሁለት እያለች ሰባት ደረሰች፣ ስኒው ቢያልቅም እሷ ቆጠራውን ቀጠለች። እትዬ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው «ቁጥሩንስ ጨርሳዋለች፣ የቀራት ስኒው ነው» አሉ።

የቁጥር ስም መደርደርና ብዛት ማወቅ ለካ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜና እሑድ እቃቃ ላይ ሱቅ ከፈትን። ባለሱቋ እሷ፣ ገንዘቡ የለስላሳ ቆርኪ፣ ሸቀጡ ሽንኩርትና ክብሪት። መጀመሪያ ለአንድ ሽንኩርት እፍኝ ሙሉ ቆርኪ ትቀበለኝ ነበር፤ ደንበኛ መሆኔ እስኪያስጠላኝ ዘረፈችኝ። ቀስ በቀስ «ሦስት ነው ያልሁሽ፣ አንድ ጎድሏል» ማለት ጀመረች። አሁን አራት ስኒ ስላት አራት ታመጣለች። ለዚህ ግን ማንም ኮከብ አልሰጠንም፤ ደብተር ላይ የለማ!

ትምህርት ቤት ሄጄ አነጋግሬአለሁ። መምህርቷ ላይ አልፈርድም፤ አርባ ምናምን ልጅ ይዛ እንኳን ማጫወት ማስቀመጥም ይከብዳል። ርዕሰ መምህሩ በትሕትና «እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ? እኛ ብንቀንሰው ደስ ይለን ነበር፤ ወላጅ ነው የማይፈቅድልን። አምና ቀንሰን ‹ገንዘብ ተቀብላችሁ ልጆቻችንን ስታጫውቱ ትውላላችሁ› ተባልን» አሉኝ። ስታጫውቱ! እንግዳ ቤታችን ሲመጣ ዝም ካለ «ምነው፣ ተጫወት እንጂ» ብለን የምንለምን ሰዎች፣ ልጅ ሲጫወት ግን ወንጀል ይሆንብናል። መልስ አጥቼ ወጣሁ፤ ምክንያቱም አምና ካማረሩት ወላጆች መካከል ማን እንደነበረች አውቃለሁ።

ስወጣ ግቢውን አየሁት። ኬጂ የምንለው ስም የመጣው ከጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮቤል ነው። እ.ኤ.አ. በ1837 ባድ ብላንከንቡርግ ላይ የሕፃናት ቤት ከፍቶ በ1840 ኪንደርጋርተን ብሎ ሰየመው፤ የልጆች የአትክልት ስፍራ ማለት ነው። ልጆቹም በየመደባቸው ይተክሉ፣ ያጠጡ ነበር፤ መማሪያቸውም ኳስና የእንጨት ቅርጻ ቅርጽ ነበር። እዚህኛው ግቢ ውስጥ ያሉት አበቦች ግድግዳ ላይ የተሳሉት ብቻ ናቸው። በሀገራችንም ቢሆን የአንደኛ ክፍል መግቢያ ዕድሜ 7 ዓመት ነው፤ ወዴት ነው የምንጣደፈው?

ቤት ውስጥስ? ስልኬ ላይ የሚመክሩኝ ሰዎች «ሳፋ ሙሉ ሩዝ ቀለም ነክራችሁ ልጁ ይዛቅበት» ይላሉ። ሩዝ ቀለም ስነክር እናቴ ብታየኝ በማግሥቱ ጠበል ትወስደኛለች። ሰኞ ማክሰኞ እንጫወት ብለን በጠመኔ ብናሰምር አከራያችን «ግቢዬን አታዥጎርጉሩብኝ፣ የኔ ልጅ» አሉ። ባጥበው ደግሞ «በዚህ የውኃ ችግር?» አሉ። ታዲያ እንዳይሰመርም፣ እንዳይታጠብም ከሆነ በአየር ላይ እንዝለል?

ትናንት ከሰዓት፣ ያ ደብተር ከመከፈቱ በፊት፣ ልጄ ከከተማው ወጣ ብለው ኮረብታው ላይ የተተከሉትን የነፋስ ኃይል ተርባይኖች እያየች «እማዬ፣ ነፋሱን የሚነፉብን እነዚያ ናቸው?» አለችኝ። የአዳማን ነፋስ ለሚያውቅ ጥርጣሬዋ ትክክል ነው። ሁለቱ ጣቢያዎች ሲደመሩ 136 ተርባይን አላቸው፤ መቶ ድረስ ብቻ ስለምትቆጥር 36ቱ ይተርፉባታል። በቃል ባስረዳት አልገባ አላት። ስለዚህ ወረቀት ከአራት ጥግ ቀድጄ፣ አጥፌ፣ በስፒል እርሳስ ጫፍ ላይ ሰካሁላት። ግቢ ውስጥ ስትቆም አልዞረም፤ በሩን ከፍታ ነፋሱ ፊት ስትይዘው ሽር አለ። ደንግጣ አየችኝና «እሱ ነው የሚያዞረው!» ብላ ጮኸች። ከዚያም እየሮጠች ለጎረቤት ልጆች በኦሮምኛ ልታስረዳ ሄደች።

ወረቀቱን ከየት እንደቀደድሁት አትጠይቁኝ። ዛሬ ጠዋት መምህርቷ በቀይ እስክሪብቶ «ከደብተሩ አንድ ገጽ ጎድሏል፤ ወላጅ አይቶ ይፈርም» ብላ ጽፋ ልካለች።

ፈርሜአለሁ። በቀኝ እጄ።