ዕዳው ገብስ ነው

ባለፈው ሐሙስ ከገንዘብ ሚኒስቴር ብዙም በማይርቅ አንድ የአራት ኪሎ ካፌ ተቀምጬ ማኪያቶዬን ከጨረስኩ በኋላ ሒሳብ ስጠይቅ፣ አስተናጋጇ «ጋሼ፣ ተከፍሏል» ብላ በአገጯ ወደ ማዕዘኑ ጠቆመችኝ። እዚያ ከአራት ሰዎች ጋር ተቀምጦ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ሰበር ያደረገልኝ ሰው፣ ከሦስት ወር በፊት «እስከ ደሞዝ ብቻ» ብሎ 5000 ብር የወሰደብኝ ወዳጄ ነበር። በገዛ ገንዘቤ ተጋብዤ ከመቀመጫዬ ብድግ እያልኩ «እግዜር ይስጥልኝ» ማለት ነበረብኝ፤ አልኩም።

ይህ ሰው ገንዘቡን በጠየቅሁት ቁጥር የሚሰጠኝ መልስ «ዕዳው ገብስ ነው፣ አታስብ» የሚል ነው። የሚያናድደኝም ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደውን አባባል ያለ ቦታው ማዋሉ ነው። እኔ እንደምፈታው፣ ገብስ የተበደረ ገበሬ የሚከፍለው ገብስ ነው፤ ዝናብ ከጣለለት ዕዳው ከገዛ ማሳው ይበቅልለታል፣ ያበደረውም ሰው አንድ ቁና ገብስ በአንድ ሌሊት አምስት ቁና ሆኖ አደረ ሊለው አይችልም። ቀላል ነገር በገብስ የተመሰለው ለዚህ ይመስለኛል።

የአገር ዕዳ ግን ዶላር ነው፤ ዶላር ደግሞ በደጋም በቆላም አይበቅልም። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. በ10 ዓመት የሚከፈል የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ በ6.625 በመቶ ወለድ ለውጭ ገዢዎች ሸጠች። ወለዱ በየስድስት ወሩ 33 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። ቦንዱ ሲሸጥ ዶላር 20 ብር አካባቢ ስለነበረ ይህ 660 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው፤ የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር ሲሻገር ግን፣ ያው 33 ሚሊዮን ዶላር ከ3.3 ቢሊዮን ብር በላይ ሆነ። ማንም አንዲት ሳንቲም አልጨመረም፤ ግብር ከፋዩ ግብሩን የሚከፍለው በብር ስለሆነ ብቻ ዕዳው ቆሞ ሳለ አደገበት። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም.፣ የወለዱ ቀን ሲደርስ አገሪቱ ሳትከፍል በመቅረቷ ዕዳ መክፈል ካቃታቸው አገሮች ተርታ ከዛምቢያና ከጋና ቀጥላ ተሰልፋለች። (ከቦንዱ ገንዘብ ከፊሉ ለስኳር ፋብሪካዎች የታሰበ ነበር። አስተናጋጇ ስኳሩን ቆጥራ የምታመጣው በዚህ ይሁን በሌላ አልጠየቅኋትም።)

ዕዳ መሰረዝ ከንቱ ነው የምል ሰው አይደለሁም። ከፍተኛ ዕዳ ላለባቸው ድሃ አገሮች በተዘረጋው መርሐ ግብር ኢትዮጵያ በሚያዝያ 1996 ዓ.ም. የመጨረሻውን ደረጃ አልፋ ብዙ ዕዳ ተሰርዞላታል፤ ከመሥፈርቶቹ አንዱ ድህነትን የሚቀንስ ዕቅድ ነበር። በ1988 ዓ.ም. ከሕዝቡ 45.5 በመቶ የነበረው ከድህነት ወለል በታች የሚኖር ሰው በ2008 ዓ.ም. ወደ 23.5 በመቶ መውረዱም ከትምህርት ቤቱና ከጤና ኬላው ጋር የተያያዘ ነገር ነው። የሚያበሽቀኝ፣ ዕዳ ሲጠና መጀመሪያ የሚጎድለው የጤና ኬላው መድኃኒት እንጂ የምረቃው ሪባን አለመሆኑ ነው። ሪባን ጎድሎ አያውቅም።

ስለ ዋስ ካነሣሁ ደግሞ እቆጣለሁ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ፒያሳ በነበረን ዕቁብ ሁለተኛውን ዕጣ የወሰደ አባል ጠፋና፣ የፈረምኩለት እኔ ሃያ ሁለት ሳምንት ሙሉ የእርሱን ስከፍል ከረምኩ፤ ዛሬ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታ የሚነፍገኝ እርሱ ነው። ቢሆንም እኔ ቢያንስ ፈርሜያለሁ። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ብድር መክፈያ በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ከ10 ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም ስምምነት ተደረሰ ሲባል ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር፤ በዚያች ቀን በእናቱ ማኅፀን የነበረ ልጅ ሳይፈርም ዋስ መሆኑን ግን ማንም አላነሣም።

ወደ ወዳጄ ልመለስ። ለአገር ዕዳ እንኳ ቻይናና ፈረንሣይ በጋራ የሚመሩት የአበዳሪዎች ኮሚቴ አለ፤ አንዱ ሳያውቅ ሌላው ብቻውን እንዳይከፈለው በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጣሉ። የእርሱ አበዳሪዎች ኮሚቴ የለንም ብዬ ሳዝን፣ ከማዕዘኑ ሰዎች አንዱ እጁን ሊታጠብ ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ «አንተም አለህበት?» አለኝ። «አምስት ሺህ» አልኩት። «እኔ ስምንት» አለና ወደ ጠረጴዛው ዞር ብሎ አየ፤ ከቀሩት ሦስቱም ሁለቱ እንዳለባቸው ነገረኝ። ኮሚቴው ለካ ተሰብስቦ ኬክ እየበላ ነበር፤ በማን ሒሳብ እንደሆነ ለመጠየቅ የደፈረ አልነበረም።

ስወጣ ጋባዣችን ለአስተናጋጇ ጉርሻ መተው እንደረሳ አየሁና 20 ብር አስቀመጥኩላት። «ለእርሳቸው ልንገራቸው?» አለችኝ።