መስኮቱን የዘጋ እጁ ይባረክ

ዛሬ የማመሰግናቸው ሰዎች አሉ። ብዙ ናቸው። ታክሲ ውስጥ ከኋላ ወንበር «ኧረ መስኮቱን!» የሚሉ፣ እንግዳ ሲመጣ ከወንበሩ በፊት መስኮቱን የሚያስተካክሉ፣ ልጅ ሲያስነጥስ አፍንጫውን ትተው መጋረጃውን የሚያዩ። እስከዛሬ ሐውልት አልቆመላቸውም። ሐውልት ደግሞ የሚቆመው ውጭ ነው፤ ብርድ ይመታዋል።

ውለታቸው የሚገባን ከምን እንዳዳኑን ስናውቅ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በየካቲትና በመጋቢት ቀን ላይ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ማታ ግን አየሩ ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ዳር ዳሩ ላይ ያለን ሰዎች፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ የደረሰን፣ ሜዳው ገላጣ ስለሆነ ነፋሱ በደንብ ያገኘናል። በሌላ አነጋገር በየማታው ቆጣሪ የማይቆጥረው፣ መብራት ሲጠፋ የማይጠፋ ማቀዝቀዣ በራችን ድረስ ይመጣል። ሰመራ ያለ ሰው ይህን ቢያገኝ ጣሪያውን ነቅሎ ይተኛ ነበር። እኛ ግን በነፃ የመጣ ነገር አንወድም። ኩሩ ሕዝብ ነን፤ እንዘጋዋለን።

የመዝጋቱም ሥራ የራሱ ዕውቀት አለው። አንድ መስኮት ገርበብ ማለቱ ቀላል ጥፋት ነው፣ በምክር ይታለፋል። ከባዱ ወንጀል ፊት ለፊት ያሉ ሁለት መስኮቶችን አብሮ መክፈት ነው። አየር በአንዱ ገብቶ በሌላው ሲወጣ ክፍሉ በደቂቃዎች ውስጥ ይታደሳል፤ ሙቀቱም፣ የወጡ ሽታውም፣ የትንፋሹም ወበቅ ተጠርጎ ይሄዳል። ይህን የሚያዩ እናቶቻችን ግን ሌላ ነገር ይታያቸዋል። «ልጄ፣ ተነስ ከመሃል! መጋኛ ይመታሃል» ይላሉ። ትነሳለህ። እናትን ተከራክሮ ያሸነፈ የለም።

አንዳንድ ሐኪሞች ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ነው ይላሉ። ቫይረሱም የሚወጣው ከታመመ ሰው አፍና አፍንጫ ነው፤ ክፍሉ በተዘጋ መጠን እየተጠራቀመ ይሄዳል ይላሉ። ይበሉ። እኛ የምናውቀው አንድ ሰው ሲያስል ሰባት ሆነን አጠገቡ ተጠጋግተን፣ መስኮት ዘግተን፣ «ምን ነካህ?» ማለትን ነው። በሳምንቱ ሰባታችንም ስናስል ጥፋተኛው ይታወቃል፤ ያን ዕለት ለአፍታ መስኮት የከፈተው ልጅ ነው።

የሳንባ ነቀርሳንም አልረሳነውም። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው ይበዛባቸዋል ከሚላቸው አገሮች አንዷ ናት። ተህዋሲው አየር በማይንቀሳቀስበት ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ተንሳፍፎ መቆየት ይችላል። ለዚህ ነው ጤና ጣቢያ ላይ ነርሷ መስኮት የምትከፍተው። ለዚህም ነው ወረፋ የሚጠብቀው ሕዝብ ነርሷ ዘወር ስትል ተነስቶ የሚዘጋው። እንግዳ ተቀባይነታችን ለባክቴሪያም ተርፏል።

አሁን ወደ ግንባታው ጥበብ ልለፍ። የኮንዶሚኒየም ቤት ሲሰጠን በረንዳ የሚባል ነገር አብሮ ነበረበት። ሥራው ቀላል ነበር፤ ፀሐዩ ግድግዳውና መስኮቱ ላይ ከማረፉ በፊት ከውጭ ያስቀረዋል። ሙቀትን ከውጭ ማስቀረትና ከገባ በኋላ ማባረር አንድ አይደለም። መስታወቱን ካለፈ በኋላ የምንጋርደው መጋረጃ፣ የቱንም ያህል ድርብና ባለ ዘርፍ ቢሆን፣ ሌባው ሳሎን ከገባ በኋላ በር መቆለፍ ነው።

በረንዳውን ምን አደረግነው? በአልሙኒየምና በመስታወት ዘጋነው። አንድ ክፍል ተረፈን! ልጆቹ ተኙበት፣ ፍሪጁ ቆመበት። ምዕራብ የሚያይ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ በመስታወቱ ገብቶ ግድግዳውንና ወለሉን ያግላል፣ ሙቀቱ ግን መውጫ አያገኝም። የሆለታ አበባ ገበሬዎች ይህን የሚያደርጉት አውቀው፣ ለጽጌረዳ ብለው ነው። እኛ ፍሪጅ አስቀመጥንበት። ፍሪጁ በጀርባው የሚያወጣው ሙቀት ሲጨመርበት አዲሷ ክፍላችን ልብስ ለማድረቂያ ብትሆን እንጂ ለመኝታ አትመችም። ያም ሆኖ «በረንዳውን ዘጋኸው እንዴ? ጎበዝ!» ያላለኝ ጎረቤት የለም።

ኩሽናና ሽንት ቤት ውስጥ ግድግዳው ጫፍ ላይ ያለችውን ቀዳዳም አንርሳ። የሞቀ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ በዚያ ሾልኮ እንዲሄድ ታስባ የተተወች ናት። መሐንዲሱ ግን ስለ ፌስታል የሚያውቀው ነገር አልነበረም። አንድ ፌስታል፣ ውስጡ አሮጌ ካልሲ፣ ጥቅጥቅ። አለቀ። ከዚያ ሽንት ቤቱ ይሸታል፣ ኤር ፍሬሽነር ይገዛል። ግድግዳው ሻጋታ ያወጣል፣ ቀለም ይገዛል። በረሮ ይመጣል፣ ፍሊት ይነፋል፤ ከተነፋ በኋላ መድኃኒቱ እንዳይባክን በሩም ይዘጋል። የሰፈሩ ሱቆች ንግድ የቆመው በዚያች ፌስታል ላይ ነው።

በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ብዙ አልቆይም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስላለች ሚያዝያ መጀመሪያ ሰሞን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ቀጥ ብላ አናታችን ላይ ትቆማለች። ከቤቱ ሁሉ የሚመታው ጣሪያው ነው። ኮርኒስ ቢገባ፣ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከልም አየር መሳቢያ ቢኖረው ግማሹ መከራ ይቀል ነበር። ግን ኮርኒስ ከመንገድ አይታይም። የግቢ በር ይታያል። ስለዚህ ገንዘቡ ለበሩ ሄደ፤ ትክክለኛ ውሳኔ ነው።

የጥበባችን ጫፍ ግን የቡናው ሰዓት ነው። እዚህ ላይ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ቄጠማ ይጎዘጎዛል፣ መስኮት ይዘጋል፣ መጋረጃ ይወርዳል፣ ከሰሉ ይቀጣጠላል፣ እጣኑ ይጨመራል፣ እጣኑን የሚያግዝ ሰንደልም ከጎን ይለኮሳል። ጭሱ እንዳይባክን በሩም ገጠም ይደረጋል። አቦል ላይ ወሬ፣ ቶና ላይ ማዛጋት፣ በረካ ላይ ራስ ምታት።

«እትዬ፣ ራሴን አመመኝ።»

«ቡና ስላልጠጣሽ ነው።»

«ሁለት ጠጣሁ እኮ!»

«እንግዲያው ሰው በዓይን ወግቶሽ ነው። እጣን ጨምሪበት።»

እጣን ለመጨመር ፍም ያስፈልጋል፤ ከሰል ይጨመራል። ሕክምናችን እንዲህ ነው፣ የታመመበትን ነገር በእጥፍ።

ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው እንግዳ በጣም ጨዋ ነው። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ዓይን አያቃጥል። ደም ውስጥ ሲገባ ኦክስጅን የሚቀመጥበትን ቦታ ይይዛል፤ አያያዙም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ የጠበቀ ነው። ተነስ ቢሉት አይነሳም። ሰዎቻችን ከሰሉ ፍም እስኪሆን ውጭ ያቆዩትና «ጭሱ አልቋል» ብለው ያስገቡታል። የሚታየው ጭስ ማለቁ እውነት ነው። የማይታየው ግን ከቀላው ፍም መውጣቱን አያቆምም፣ አመድ ቢለብስም። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርዱ ሲጠና ማንደጃውን መኝታ ቤት አስገብተው በር ገጥመው የሚተኙ አሉ። ሳይነሱ የቀሩ ብዙ ናቸው፤ የከተማዋ የእሳትና አደጋ ሠራተኞችም ይህንኑ ሲያስጠነቅቁ ዓመት አይዘልም። እዚህ ላይ ሽሙጡ ራሱ ይከብደኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ዙሪያ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል ብሎ ይገምታል። መጋኛ ስለገደለው ሰው ቁጥር ግን ድርጅቱ እስካሁን ዝም ብሏል። እናቶቻችን ይህን ንቀት ሊያስቡበት ይገባል።

ሁሉ ነገር ተዘግቶ ሲያልቅ እንግዲህ ይሞቃል። ሲሞቅ ቬንትሌተር ይገዛል። በዚህች ዕቃ ዙሪያ ያለው እምነታችን ነው ከሁሉም የሚገርመኝ። ከመስኮት የመጣ ነፋስ ይገድላል፤ በገንዘብ የተገዛ ነፋስ ግን ያሳርፋል። እትዬ ራሳቸው ከቬንትሌተሩ ፊት እግራቸውን ዘርግተው «እፎይ» ይላሉ። ደረሰኝ ያለው ነፋስ መጋኛ የለበትም መሰለኝ።

ለነገሩ ቬንትሌተር ክፉ አይደለም። የሚበላው ከ50 እስከ 75 ዋት አካባቢ ነው፣ እንደ አምፖል ማለት ነው። ነገር ግን ክፍሉን አያቀዘቅዝም፤ ላቡን እያደረቀ ሰውየውን ነው የሚያቀዘቅዘው። ሰው የሌለበት ሳሎን ውስጥ ሲሽከረከር ቢውል ሞተሩ ትንሽ ሙቀት ከመጨመር ሌላ ፋይዳ የለውም። እኛ ግን እናበራለታለን፤ ለሶፋው።

አቅም ያለው ደግሞ ኤሲ ያስገባል። ለገጣፎ በኩል አዳዲሶቹን ቪላዎች ስታዩ ፊታቸው በሙሉ የሚያንጸባርቅ መስታወት ነው። ከመስታወቱ ግማሹ አይከፈትም፤ ለመልክ የተገጠመ ነው። ከጎን የኤሲው ሞተር ተሰቅሎ ያጉረመርማል። አንዱ መኝታ ቤት ብቻ 1,000 ዋትና ከዚያ በላይ ይጠጣል፣ የመብራት ታሪፉ በየጊዜው ከፍ እያለ ባለበት ዘመን። የቤቱ ጌታ «ንጹህ አየር ያስገባልኛል» ብሎ በኩራት ያሳያችኋል። አያስገባም። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የተለመደው ኤሲ የክፍሉን አየር ስቦ፣ አቀዝቅዞ፣ እዚያው መልሶ ይተፋዋል። ትናንት ማታ የተነፈሱትን ዛሬ በቀዝቃዛው ይስቡታል። በነገራችን ላይ አሜሪካዊው ዊሊስ ካሪየር እ.ኤ.አ. በ1902 የመጀመሪያውን ዘመናዊ ኤሲ የነደፈው ብሩክሊን ላለ ማተሚያ ቤት ነበር፤ ወረቀቱ በእርጥበት እንዳይበላሽ። ለሰው አልነበረም። ለገጣፎ ሲደርስም ለሰው ነው ለማለት ይከብደኛል፤ ለእንግዳ ነው።

ከሁሉ የሚያናድዱኝ ግን ነፃ ዘዴ አለን የሚሉት ሰዎች ናቸው። ማታ አየሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ፊት ለፊት ያሉትን መስኮቶች ክፈቱ፤ ብሎኬቱና ኮንክሪቱ ሌሊቱን ብርዱን ጠጥቶ ያድራል ይላሉ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ግድም፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ዝጉ፤ ግድግዳው የጠጣውን ብርድ ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ ይመልስላችኋል። ሰው ካለበት ግን ቀንም ቢሆን በጥላው በኩል ትንሽ ገርበብ ይበል። ቡናው እየተፈላ ሳለ ሁለቱም ወገን ይከፈት። ለወባ ትንኝ ወንፊት፣ ለሌባ ፍርግርግ ብረት። ብርድ ልብስ ደግሞ የተሠራው ለዚህ ነው። የድሮው የጭቃ ቤት በወፍራም ግድግዳው ይህንኑ ያደርግ ነበር ብለው ያክላሉ። ማን ይሰማቸዋል? የሚሸጥ ነገር የላቸው፣ የሚሰቀል ነገር የላቸው።

ለፍትሕ ያህል አንድ ነገር ልመን። አስፋልት ባልደረሰበት ሰፈራችን ሲኖትራክ ባለፈ ቁጥር የሚነሳው አቧራ ቀልድ አይደለም። ጎረቤት ቆሻሻ ሲያቃጥልም መዝጋት ልክ ነው፤ የፌስታል ጭስ ለማንም አይበጅም። አቧራው ሲሰክን፣ እሳቱ ሲጠፋ ግን መክፈት ነበረበት። የእኛ ሰው ግን በጥቅምት ለአቧራ የዘጋውን በሰኔ ለዝናብ ብሎ ያቆየዋል፤ ዝናቡ ሲያባራ ጥቅምት ደርሷል።

ባለፈው የብሎካችን ኮሚቴ ስብሰባ ጠርቶ ነበር። አጀንዳው የደረጃው መተላለፊያ ላይ ያሉትን ክፍት ቦታዎች ከታች እስከ ላይ በመስታወት መድፈን፤ በየቤቱ ገንዘብ ይዋጣል። ስብሰባው የተካሄደው ሊቀመንበሩ ሳሎን ውስጥ ነው፣ ማታ፣ ከየቤቱ አንድ ሰው፣ በርና መስኮት ዝግ፣ ከሰል ጥግ ላይ። ደጅ ያለው አየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮኑ 420 እጅ ገደማ ነው፤ እንዲህ ባለ ጠባብ ክፍል ግን ከ2,000 ማለፉ ብርቅ አይደለም፣ ያፈዛል ደግሞ። ሊቀመንበሩ የመስታወቱን ዋጋ አነበቡ። «ተቃውሞ ያለው እጁን ያውጣ» አሉ። የወጣ እጅ አልነበረም። ግማሹ ሰው አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ ነበር፣ ጸሐፊው ብዕራቸውን እንደያዙ አንቀላፍተዋል። «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ተባለ።