ክዳኑ ነው ወይስ ሰፈሩ?

ድሬዳዋ ውሃ አጠራቅማ የምትኖር ከተማ ናት። ቧንቧው መቼ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ በርሜል፣ ጀሪካን ወይም ሮቶ የሌለበት ግቢ ማግኘት ይከብዳል። አኖፈለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ ደግሞ የምትራባው እዚሁ ውስጥ ነው። በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ነበር። በ2022 ድሬዳዋ በደረቁ ወራት በወባ ስትታመስ ተመራማሪዎች ወረርሽኙን ከእሷ ጋር አያይዘውታል።

ስለዚህ የበርሜል ክዳን እናድል፣ ቤት ለቤት እናስተምር የሚሉ ፕሮጀክቶች ይመጣሉ። ይምጡ፣ ያስፈልጋሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። መሥራታቸውን በምን እናውቃለን?

ምሳሌ ልስጥ፤ ቁጥሮቹን ያመጣኋቸው ለማስረዳት ብቻ ነው። ክዳን ሳቢያን ታደለ፣ ገንደ ቆሬ አልታደለም እንበል። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ከየሰፈሩ 100 ቤት ታየ። በሳቢያን 80ው ቤት፣ በገንደ ቆሬ 60ው ቤት ከትንኝ እጭ ነፃ ሆነ። ዳታው ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ውስጥ ገባ። ውጤቱ "እጭ አለ፣ የለም" የሚል ስለሆነ ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ተሠራ፤ ይህ አዎ ወይም አይደለም የሚል ውጤት ከየትኞቹ ነገሮች ጋር እንደሚያያዝ የሚያሳይ ስሌት ነው። ገቢና የትምህርት ደረጃ ተጨመሩበት። ፒ ቫልዩው፣ ማለትም ልዩነት ባይኖር ኖሮ እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመገኘት ዕድሉ፣ ከ0.05 በታች ወጣ። ሪፖርቱም "ክዳኑ ሠርቷል" አለ።

እኔ ግን ገና አላመንኩም።

ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ጥሩ መሣሪያ ነው። ገቢያቸው የሚመሳሰል ቤቶችን እርስ በርስ ያነፃፅርልናል። የሚያውቀው ግን የነገርነውን ብቻ ነው። አንዱ ሰፈር ውሃ ቶሎ ቶሎ እየመጣለት በርሜሉን በየሁለት ቀኑ ቢያጥብስ? ይህን ካልጠየቅን የውሃው ውለታ ለክዳኑ ይመዘገባል። ክዳን በፈቃደኝነት ሲታደል ደግሞ ቀድሞ የሚወስደው ድሮም ጠንቃቃ የነበረው ሰው ነው። የሰው ጥንቃቄ በየትኛው መጠይቅ ይለካል?

በዓለም ደረጃም በዚህ የተሳሳቱ አሉ። ካረጡ በኋላ ሆርሞን የሚወስዱ ሴቶች የልብ በሽታ እንደሚቀንስላቸው የአሜሪካ ጥናቶች ለዓመታት አሳይተው ነበር፤ ዕድሜውም ሲጋራውም በስሌቱ ተስተካክሎ። ከዚያ ከ16,000 በላይ ሴቶች ኢስትሮጅንና ፕሮጀስቲን የሚባሉትን ሆርሞኖች ወይም መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ ክኒን እንዲወስዱ በዕጣ ተመድበው ተጠኑ። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲታይ ጥቅሙ የለም። እንዲያውም የልብ ሕመምና ስትሮክ ብሶ ተገኘ፤ የጡት ካንሰርም ስለጨመረና ጉዳቱ ከጥቅሙ ስለበለጠ ጥናቱ ያለጊዜው ቆመ። ሆርሞን ይወስዱ የነበሩት ሴቶች ቀድሞም የተሻለ ጤና እንደነበራቸው ብዙዎች እንደ አንድ ምክንያት ያነሳሉ።

ወደ ምሳሌያችን ስንመለስ ከዚህ የባሰ ችግር አለ። 200 ቤት አየን እንላለን። ክዳን ይታደል፣ አይታደል ተብሎ የተወሰነው ግን ለሁለት ሰፈር ነው። ሳቢያንን ከገንደ ቆሬ የሚለየው ነገር ሁሉ ከክዳኑ ጋር አብሮ ተጣብቋል። 2,000 ቤት ብናይም ያው ነው። ፒ ቫልዩው ያንሳል እንጂ ክዳኑን ከሰፈሩ የሚለይ ስሌት አይገኝም። ይህን በድፍረት የምለው፣ ናሙና በማብዛት ብቻ የሚፈታ የሚመስላቸው ብዙ ስለሆኑ ነው።

ሌላው ሎጂስቲክ ሪግሬሽን የሚሰጠን የኦድስ ሬሾ ነገር ነው። ኦድስ ማለት ነፃ የሆኑት ቤቶች ነፃ ላልሆኑት ሲካፈሉ ነው፤ ኦድስ ሬሾ ደግሞ የአንዱ ሰፈር ኦድስ ለሌላው ሲካፈል ነው። በሳቢያን 80 ነፃ ለ20 እጭ ያለበት፣ 4 ነው። በገንደ ቆሬ 60 ለ40፣ 1.5 ነው። 4 ለ1.5 ሲካፈል 2.67 ይመጣል። ይህ ቁጥር በዜና ላይ "ክዳን ያገኙት ከእጭ ነፃ የመሆን ዕድላቸው በ2.7 እጥፍ ይበልጣል" ይሆናል። 80ን ለ60 ብናካፍል ግን 1.33 ነው። ኦድስ ሬሾው አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው አነባበባችን ነው። 60ና 80 ብሎ መጻፍ ማንን ይጎዳል?

ምን ይደረግ ታዲያ? ከሁሉ በፊት ክዳን ሳይታደል ሁለቱም ዓይነት ሰፈሮች ይለኩ። ያን ጊዜ ሪግሬሽኑ የሚጠየቀው "የቱ ሰፈር ይሻላል?" ሳይሆን "የቱ ሰፈር ይበልጥ ተሻሻለ?" ይሆናል፤ በስሌቱ ሰፈርን በጊዜ ማባዛት፣ ማለትም ከበፊት ወደ በኋላ ያለው ለውጥ በሰፈሮቹ መካከል ይለያይ እንደሆነ ማየት ማለት ነው። እሱም ያለ ፕሮጀክቱ ሁለቱ እኩል ይጓዙ ነበር ብለን ካመንን ነው። ስለዚህ ከአንድ ጊዜ በላይ አስቀድሞ መለካት ይበጃል። ሰፈሮቹም ሁለት አይሁኑ። ትልልቅ ቀበሌዎችን ትቶ በትንንሽ መንደሮች ብዙ አድርጎ መከፋፈል ይቻላል፤ ስሌቱም ጎረቤታሞች እንደሚመሳሰሉ ግምት ውስጥ ያስገባ።

ከተቻለ ደግሞ ዕጣ ይውጣ። "ለአንዱ ሰጥቶ ሌላውን መንሳት ግፍ ነው" የሚሉኝ አሉ፤ ስሜቱ ይገባኛል። ግን ክዳኑ በአንድ ቀን ለከተማው ሁሉ አይደርስም። አንዱ ዘንድሮ፣ ሌላው ከስድስት ወር በኋላ ያገኛል። ተራውን መኪናው በሚመቸው መንገድ ከምንወስን በዕጣ ብንወስነው ማን ተበደለ? ዕቁብ የሚጥል ሕዝብ የዕጣን ፍትሐዊነት አይጠራጠርም።

ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ነው። የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅም ሐረር፣ ቅርባችን ነው። ይህን ስሌት የሚያውቁ መምህራን አሉ። የሚጠሩት ግን አብዛኛውን ጊዜ ዳታው ከተሰበሰበ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ። የሚቀጥለው ፕሮጀክት ሲመጣ የሰፈሮቹ ዝርዝር ከመጽደቁ በፊት አንዳቸው ስብሰባው ላይ ይቀመጡ። በጀቱ ውስጥም ክዳን ከመግዛቱ በፊት ለሚደረገው ልኬት ገንዘብ ይያዝ።