ከጉማሬው ዓይን ላይ ባውዛውን አንሱ

ሰሞኑን በባሕር ዳር በተካሄደ አንድ የቱሪዝም ውይይት ላይ፣ ማታ ጉማሬ የሚያሳዩ ጀልባዎች ባውዛ ይዘው እንዲወጡ መፈቀዱን የደገፉ አንድ ተናጋሪ፣ «ጉማሬ ብርሃን ቢፈራ ኖሮ መብራት ባለበት ከተማ ዳር ባልኖረ ነበር» ሲሉ አዳራሹ አጨበጨበላቸው። አክለውም ያለ ባውዛ በጨለማ ፎቶግራፍ ማንሳት እንደማይቻል፣ ፎቶው ከሌለ ደግሞ እንግዳ እንደማይመጣ ተናገሩ። ጉማሬን ለዓመታት ከሐይቁ ዳር ሆኜ በድንግዝግዝ ብርሃን ሳነሳ የኖርሁ ሰው እንደመሆኔ፣ ሦስቱም አባባሎች ስህተት መሆናቸውን እያወቅሁ ዝም ማለት አልቻልሁም።

መጀመሪያ ጭብጨባ ያገኘውን አባባል እንመልከት። ጉማሬው ወደ ከተማው አልመጣም፤ ከተማው ነው ወደ ጉማሬው የመጣው። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በደብረ ማርያም ደሴት ዙሪያና ከዚያ በታች ባለው የወንዙ ዳርቻ ጉማሬ የኖረው የዛሬዋ ባሕር ዳር ከመስፋፋቷ በፊት ጀምሮ ነው፤ የከተማዋ አብዛኛው ክፍል የተሠራው ባለፉት 60 እና 70 ዓመታት ነው። ደንገሉ ተመንጥሮ፣ ዳርቻው ታርሶና ታጥሮ መሄጃ ያጣን እንስሳ «ካልሸሸ ወዶ ነው» ማለት የተበዳይን ዝምታ እንደ ስምምነት መቁጠር ነው። ከዚህም በላይ የመንገድ መብራት ከቦታው አይነቃነቅም፤ እንስሳው ይለምደዋል፣ ጥላ ያለበትን መርጦ ያልፈዋል። ከጀልባ የሚወረወር ባውዛ ግን ይከተለዋል፤ ሲጠልቅ ይጠብቀዋል፣ ብቅ ሲል ዓይኑ ላይ ያርፋል። እነዚህን ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚናገር ሰው ወይ አንድ ምሽት እንኳ ቆሞ አላየም፣ ወይም አይቶ ክዷል።

የጉማሬ ቆዳ ፀሐይ ላይ ሲውል ውሃውን ቶሎ ያጣል፤ ቀኑን ውሃ ውስጥ የሚያሳልፈውም በዚህ ምክንያት ነው። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ጆሮውን፣ ዓይኑንና አፍንጫውን ብቻ ብቅ አድርጎ ዳርቻውን ሲያዳምጥ ይቆይና፣ ጸጥታ መስፈኑን ሲያረጋግጥ በለመደው መንገድ ወጥቶ ሣር ይግጣል። በአንድ ሌሊት 40 ኪሎ ግራም ያህል ሣር ይበላል፤ ለዚህም ያለው ጊዜ ሌሊቱ ብቻ ነው። ጀልባዎቹ ባውዛቸውን አብርተው የሚደርሱት እንግዲህ በዚያችው መውጫ ሰዓት፣ በዚያው መውጫ በር ላይ ነው። ውሎው አድክሞት ማዕድ ሊቀርብ በተቀመጠ ሰው ቤት ዘው ብሎ ባትሪ ዓይኑ ላይ ማብራት ነውር ከሆነ፣ ይህም ነውር ነው። ጉማሬው ተመልሶ ይጠልቃል፣ ትንፋሹን ይዞ 5 ደቂቃ ያህል ይቆያል፣ ብቅ ሲል ብርሃኑን ያገኘዋል፣ እንደገና ይጠልቃል። ያ ሁሉ ጊዜ ከግጦሹ ላይ የሚቀነስ ነው።

አደጋው ለሰውም ይተርፋል። ጉማሬ ክብደቱ ስለማያንሳፍፈው በውሃው ላይ ከመዋኘት ይልቅ የውሃውን መሬት እየረገጠ ይሄዳል፤ ሲደነግጥም ወደ ጥልቁ ያመራል። ጀልባው የቆመው በእንስሳውና በጥልቁ ውሃ መካከል ከሆነ፣ ጉማሬው የሚያልፈው በጀልባው ሥር ነው። በጉማሬና በውሃው መካከል መቆም ሞትን መጥራት እንደሆነ የሐይቅ ዳር ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ አዳራሹ ውስጥ ግን ይህን ያነሳ አልነበረም።

አሁን «ያለ ባውዛ ፎቶ አይነሳም» ወደሚለው ልምጣ፤ ከሁሉ የበለጠ ያበሳጨኝ እሱ ነው። ፎቶን ብሩህ የሚያደርጉ ሦስት ነገሮች ካሜራው ላይ አሉ፤ እነሱም የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፣ ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ ማለትም ሹተሩ ክፍት ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ እና ካሜራው የተቀበለውን ብርሃን ምን ያህል እንደሚያጎላ የሚወስነው አይኤስኦ የሚባለው መጠን ናቸው። ቀን ላይ 5.6 የነበረውን የሌንስ ቀዳዳ ወደ 2.8 የከፈተ ሰው (ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) 4 እጥፍ ብርሃን ያገኛል። ሹተሩን ከ1/250 ወደ 1/30 ሰከንድ ያዘገየ 8 እጥፍ ያህል ይጨምራል። አይኤስኦውን ከ800 ወደ 6400 ያደረሰ ደግሞ ሌላ 8 እጥፍ ያገኛል። ሲባዛ 256 እጥፍ ይሆናል፤ ይህ ሁሉ የሚገኘው ጉማሬው ላይ አንዲት ጨረር ሳትወረወር ነው። በ6400 ፎቶው ላይ ሻካራነት ይታያል፤ ይታይ። ሮው በሚባለው ጥሬ ፋይል የተነሳ ከሆነ በኮምፒውተር ይለዝባል። ፎቶን ከዚህ ይልቅ የሚያበላሸው ሻካራነትን ፈርቶ አጨልሞ ማንሳትና በኋላ በግድ ለማብራት መታገል ነው።

ታዲያ ባውዛው ለምን አስፈለገ? ጀልባው ስለሚወዛወዝ ነው። ሹተርን ማዘግየት የሚቻለው ካሜራው ካልተነቃነቀ ብቻ ነው፤ ሞተሩ በሚያርገበግበው፣ ማዕበሉ በሚያናውጠው፣ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ አንድ ጎን ተነስቶ በሚያዘነብለው ጀልባ ላይ 1/30 ሰከንድ የማይታሰብ ነው። ባለ ሦስት እግር ማቆሚያም አይረዳም፣ እሱም የተተከለው በሚወዛወዝ ወለል ላይ ነውና። ሌንስ ውስጥ ያለው ማረጋጊያ የተሠራው ለእጅ መንቀጥቀጥ እንጂ ለጀልባ ውዝዋዜ አይደለም። ስለዚህ ጀልባ ላይ ያለው ፎቶ አንሺ ሹተሩን ወደ 1/250 ይመልሳል፤ 8 እጥፉን ብርሃን ያጣል፤ ያጣውን ለማካካስም ባውዛውን ጉማሬው ላይ ያበራል። የቆመበት ስፍራ ያመጣበትን ችግር በጨለማው ያሳብባል፣ ዕዳውን ግን የሚከፍለው እንስሳው ነው።

መሬት ላይ ያለ ሰው ይህ ችግር የለበትም፤ ደግሞም ባሕር ዳር ላይ ሐይቁና ወንዙ ከቤታችን ደጃፍ ናቸው። በሐይቁ ዳር ያሉ የታጠሩ መዝናኛዎች፣ ከፍ ያሉ በረንዳዎች፣ ዓባይን ቁልቁል የሚያሳየው የበዛዊት ኮረብታ፣ ሁሉም ከጉማሬው መንገድ ርቀው ጸንተው የቆሙ ናቸው። ባቄላ የተሞላ ትንሽ ከረጢት አጥር ላይ አስቀምጦ ሌንሱን ያሳረፈ ሰው፣ እንስሳው ለማዳመጥ ቀጥ ባለባት ቅጽበት በ1/30 ሰከንድ ጥርት ያለ ፎቶ ያነሳል። ከተማችን ከምድር ወገብ ብዙ ስለማትርቅ ድንግዝግዙ አጭር ነው፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሚጠቅመው ብርሃን ከ20 ደቂቃ እምብዛም አያልፍም። ስለዚህ ቀድሞ ቦታ መያዝ፣ ካሜራውን በቀን ብርሃን ማስተካከል፣ የሹተሩን ድምፅና ካሜራው ለማተኮር ብሎ የሚያበራትን ትንሽ መብራት ማጥፋት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ የሰማዩ ቅላት በውሃው ላይ ተንጸባርቆ የጀርባውን መስመርና የጆሮውን ቅርጽ ያወጣዋል። የባውዛ ፎቶ ግን ከኋላው ጣና ይኑር ጉድጓድ የማይለይ፣ በጥቁር ጨለማ መካከል የነጣ ግንባር ብቻ ነው። የየትኛው አገር ጉማሬ መሆኑ በማይታወቅ ፎቶ የባሕር ዳር ስም እንዴት ይጠራል?

የስልክና የካሜራ ፍላሽማ ጭራሽ ከንቱ ነው። ብርሃን ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳልና፣ 40 ሜትር ላይ ላለ ጉማሬ ከስልክ ፍላሽ የሚደርሰው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የሚያበራው በሌንሱ ፊት የሚበረውን የምሽት ትንኝ ነው፤ ፎቶውም ነጭ ነጥብ በነጭ ነጥብ ይሆናል። ውድ ካሜራ የሌለው ሰው የስልኩን የሌሊት ማንሻ ይጠቀም፤ ብዙ ምስሎችን ደራርቦ አንድ የሚያደርግ በመሆኑ ስልኩ ግንብ ላይ ከተደገፈና ጉማሬው ጸጥ ካለ ደህና ፎቶ ይሰጣል።

ባለጀልባዎቹ ልጆች የሚያሳድጉ ሰዎች መሆናቸውን አውቃለሁ፤ እንግዳ በቀነሰበት ጊዜ ገበያ መፈለጋቸውም አይወቀስም። ነገር ግን የገቢያቸው ምንጭ ጉማሬው ከሆነ፣ ማታ ማታ ከመውጫው የሚያባርሩት ገቢያቸውን ነው። ጉማሬ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመጥፋት ተጋላጭ ተብሎ የሰፈረ እንስሳ ነው። ጣናም በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ክልልነት ተመዝግቧል። ያን ምዝገባ በየመድረኩ እየጠቀስን የምንኮራ ሰዎች፣ ጥብቅ ባልነው ውሃ ላይ በማታ ባውዛ ይዞ እንስሳ ማሳደድን በፈቃድ ማጽደቃችን አሳፋሪ ነው፤ ለስለስ ያለ ቃል ፈልጌለት አላገኘሁም።

ፈቃዱ ይሰረዝ። ጀልባ በሌሊት ሲሄድ ሌሎች እንዲያዩት የሚያበራው አነስተኛ መብራት ይኑረው፣ በዚያ ላይ ጠብ የለኝም፤ እንስሳ ላይ የሚያነጣጥር ባውዛ ግን ከነጭራሹ ይከልከል። የማታ ጉዞ የግድ ከሆነ ጉማሬው የሚወጣበትን ዳርቻ ትቶ በሩቁ ሞተሩን አጥፍቶ የሚቆም ይሁን፤ ፎቶ የሚፈልግ እንግዳ ደግሞ ሐይቅ ዳር ካሉት በረንዳዎች ይስተናገድ፣ ለዚያም ይክፈል፤ መንገዱንና ሰዓቱን የሚያውቁት ባለጀልባዎች አስጎብኚ ሆነው ከክፍያው ይካፈሉ። ተናጋሪው በአቋማቸው ከጸኑ በሚቀጥለው ስብሰባ በባውዛ የተነሱትን ፎቶዎች ያምጡ፤ እኔም ከሐይቁ ዳር ያለ አንዲት ባትሪ ያነሳኋቸውን አመጣለሁ፤ ግድግዳው ላይ ጎን ለጎን ይሰቀሉና ያው አዳራሽ ይፍረድ።