ከእኔ በኋላ የገባው ተከራይ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሁለት ዓመት የኖርኩበት ምድር ቤት ዛሬ አሳ ይኖርበታል።

አከራዬ ጋሼ ሲያስወጡኝ «ዘመድ ሊመጣብኝ ነው» ነበር ያሉኝ። የአከራይ ዘመድ ምንጊዜም ሊመጣ ነው፤ መጥቶ አይቶት የሚያውቅ ግን የለም። እኔ አየሁት። ባለፈው እሑድ እትዬ ቡና ጠርተውኝ ብሄድ፣ ከአማዞን የመጣ፣ ጢሙ እንደ ሽማግሌ የተንዠረገገ፣ ጭራው ቀይ ካትፊሽ፣ የእኛው አምባዛ የሩቅ ዘመድ፣ መኝታዬ ላይ ይንሳፈፋል። ሲገዙት ጣት ያህል ነበር አሉ። አሁን ክንድ ተኩል ሆኗል፤ ዕድሜ ከሰጠው ከአንድ ሜትር ያልፋል። ሻጩ ይህን አልነገራቸውም። የመስታወት ገንዳ ሦስት ጊዜ ቀይረው ሲጠብበት ነው እኔ የተነሣሁለት።

ጋሼ መሬት አልቆፈሩም። ወለሉ ላይ በወፍራም ሳንቃ ሳጥን አቁመው ውስጡን ጥቁር ጎማ አለበሱት። ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ወርዱ 2፣ ከፍታው 80 ሴንቲሜትር ነው፤ እስከ አፉ ቢሞላ 4,800 ሊትር፣ ማለትም 5 ቶን ሊሆን ጥቂት የቀረው ውሃ። ቁም ሳጥን ላስገባ ስል «ወለሉን ይጎዳብኛል» ብለው የከለከሉኝ እኚሁ ሰው ናቸው! ውሃ ደግሞ ገፊ ነው። የመጀመሪያው ሳጥን ጎኑ እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ተነፍቶ እትዬ ሌሊቱን ሙሉ ስለት ሲሳሉ አደሩ፤ በማግስቱ ከላይ አግዳሚ እንጨት ተሰካለት።

በጥር ብርድ ማሞቂያ ይጨመርልኝ ስል «ብርድ ልብስ የለህም ወይ?» እባል ነበር። አሳው 26 ዲግሪ ያለ ልመና ያገኛል። ገላዬን ስታጠብ አምስት ደቂቃ ካለፍኩ ከላይ ወለሉ ይደበደብ ነበር። ለእርሱ በየሳምንቱ የገንዳው ሲሶ ተደፍቶ አዲስ ይሞላል፤ ለዚያውም ክሎሪኑ በመድኃኒት ከከሸፈ በኋላ። እኔ ከነክሎሪኑ ነው የጠጣሁት።

ለውሃው ይህን ያህል የሚጨነቁበትን ምክንያት ጋሼ አስረዱኝ። አሳ የሚኖርበት ውሃ ውስጥ ነው የሚጸዳዳው፤ ከእርሱ የሚወጣው አሞኒያ ደግሞ መርዝ ነው። ማጣሪያው ውስጥ የሰፈሩ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ጉዳቱ ወደሚቀል ናይትሬት ይለውጡታል፤ በቁጥር በርክተው ሥራውን እስኪችሉ ግን ሳምንታት ይፈጃል። «አይቸኮልባቸውም፤ ለአገሩ እንግዳ ናቸው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ለባክቴሪያ! እኔ ከአዲስ አበባ በገባሁ በሦስተኛው ቀን «እስካሁን ሥራ አልያዝክም?» ተብያለሁ።

እንግዳ ሁሉ በየተራ እየወረደ ያየዋል፤ ጥያቄውም አንድ ነው፦ «መቼ ነው የሚበላው?» ጋሼ ልጃቸው የተሰደበ ያህል ፊታቸው ይጠቁራል። ቡናው ላይ አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ተነሥቶ ሁለት ሰዎች ሊኳረፉ ደርሰው ነበር። ከሁላችንም ጿሚው ግን ከታች ያለው ነው፤ ሲጎለምስ በሳምንት አንድ ቀን መብላት ይበቃዋል።

ልወጣ ስል ጋሼ በር ላይ ያዙኝ።

«ለአንድ ወር አገር ቤት ልንሄድ ነው። ብቻውን ልተወው አልቻልኩም። መጥተህ ብታድርለት?»

«የት ነው የማድረው፣ ጋሼ?»

በገንዳውና በግድግዳው መካከል ያለችውን ስንጥቅ የምታህል ቦታ አሳዩኝ።

«አይዞህ» አሉኝ፣ «ኪራዩን በግማሽ አደርግልሃለሁ።»