የልጆቼ ስም የሌለበት የደመወዝ ወረቀት

ያልተጣራ ደመወዜ በወር 120,000 ብር ነው። ይህን በአደባባይ መጻፍ በእኛ ዘንድ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ቁጥሩን ሸሽጌ ብሶቴን ብናገር የሚያነብ ሰው ጉዳዩን በትክክል ሊመዝነው አይችልም። የእኔን ደመወዝ አንድ አሥረኛ ይዘው ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ መምህራንና ነርሶች እንዳሉም አልዘነጋም፤ እንዴት እንደሚኖሩ ሳስበው እንቅልፍ ይነሳኛል። የምጽፈውም በአዲስ አበባ «ትልቅ ደመወዝተኛ» የሚባለው ሰው ሦስት ልጆች በወጉ ማሳደግ ካቃተው ነገሩ ከሥሩ ሊታይ ይገባል ብዬ ስለማምን ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ሁለቱ ትልልቅ ልጆቼ በሚማሩበት የግል ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ተጠርተን ነበር። አጀንዳው የሚቀጥለው ዓመት የክፍያ ጭማሪ ነው። የሕንፃ ኪራይ፣ የመምህራን ደመወዝ፣ የወረቀትና የጽሕፈት መሣሪያ ዋጋ መጨመሩ ተዘርዝሮ፣ በአንድ ልጅ በወር 6,000 ብር የነበረው ክፍያ 8,400 ብር እንዲሆን መታሰቡ ተነገረን። ከፊቴ የተቀመጠች አንዲት እናት ተነሥታ «እሺ፣ ከልጆቼ የትኛውን ላስቀር?» ብላ ጠየቀች፤ ከዚያ በኋላ መናገር ስላልቻለች ተቀመጠች። መልስ የሰጣት አልነበረም። እኔም ሁለት ልጅ በዚያ አለኝ፤ ሦስተኛው ደግሞ መስከረም ላይ መዋዕለ ሕፃናት ይገባል። ሦስቱም እዚያው ከተማሩ በወር 25,200 ብር ነው፤ ምዝገባ፣ መጽሐፍና ዩኒፎርም ሳይጨመር፣ የሰርቪስ ሳይታሰብ።

የዚያን ዕለት ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ከባለቤቴ ጋር የደመወዝ ወረቀቴን ዘርግተን ተቀመጥን። ከ120,000 ብር ላይ 39,950 ብር የሥራ ግብር፣ 8,400 ብር ደግሞ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይቆረጣል፤ እጄ የሚገባው 71,650 ብር ነው። ግብር መክፈል ግዴታዬ መሆኑን አምናለሁ፤ ከፍዬም አላማረርሁም። የሚያንገበግበኝ አቆጣጠሩ ነው። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከፍተኛው የ35 በመቶ መጣኔ የሚጀምረው ከ10,900 ብር በላይ ባለው ገቢ ላይ ነበር፤ ያን ጊዜ ይህ ገንዘብ በባንክ ምንዛሪ 500 ዶላር ገደማ ነበር። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ሲሻሻል መነሻው 14,000 ብር ሆነ፤ በተሻሻለበት ወቅት ምንዛሪ ቢሰላ ግን 100 ዶላር ገደማ ብቻ ነው። በብር ሲታይ ከፍ ብሏል፤ በሚገዛው ነገር ሲታይ እጅግ ወርዷል። ማሻሻያው ለእኔ ያስገኘው ቅናሽ በወር 550 ብር ነው።

ከዚህም በላይ የሚከነክነኝ በዚያ ወረቀት ላይ የቤተሰቤ አንዳችም ምልክት አለመኖሩ ነው። ወላጆቹ ቤት የሚኖር፣ የራሱን ምሳ ብቻ የሚያስብ ወንደላጤ የሥራ ባልደረባዬና ሚስትና ሦስት ልጆች ያሉኝ እኔ ደመወዛችን እኩል ከሆነ የምንከፍለው ግብር እስከ ሳንቲሟ እኩል ነው። ለልጅ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለቤት ኪራይ ተብሎ ከተቀጣሪ ሰው ግብር ላይ የሚቀነስ ነገር የለም። የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ ነጋዴ የሱቁን ኪራይና የሠራተኛውን ደመወዝ ወጪ ብሎ አስመዝግቦ በቀረው ላይ ግብር ይከፍላል፤ እኔ ልጆቼን የማኖርበት ቤት ኪራይ ወጪ ተብሎ አይታይልኝም። ልጅ ማሳደግ ለአገር የሚጠቅም ሥራ ነው ብለን የምናምን ከሆነ ሕጉ ልጆቹን ሊያያቸው ይገባ ነበር። የግብር መነሻውም ዋጋ በናረ ቁጥር በየዓመቱ ሊስተካከል ይገባል፤ ዘጠኝ ዓመት ቆሞ መጠበቅ አልነበረበትም።

ከከተማዋ ዳር ወዳለው ቱሉ ዲምቱ የመጣነው ኪራይ ለመቀነስ ነው። ቀድሞ ገርጂ ነበር የምንኖረው፤ ልጆቹ ሲያድጉ አንድ መኝታ ቤት ጠበበን፤ በዚያው አካባቢ ባለ ሁለት መኝታ ፈልገን አቅማችን የሚችለው አጣን። እዚህ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ 18,000 ብር እንከፍላለን። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ሕጉ ተከራይን የሚጠብቅ መልካም ሕግ ነው። በተግባር የገጠመኝ ግን ሌላ ነው፤ አከራዬ የስድስት ወር ቅድሚያ ጠየቁኝ፤ ተመዝግቦ የሚቀመጠው ውል ላይም ዝቅ ያለ ኪራይ እንዲጻፍ ፈለጉ። ፈረምሁ። ትክክል እንዳልሆነ እያወቅሁ የፈረምሁት ትምህርት ሊጀመር ሁለት ሳምንት ስለቀረውና ደላላው በር ላይ ሌላ ተከራይ ይዞ ስለቆመ ነው፤ ዛሬም ይህ ነገር ከኅሊናዬ አልወጣም።

በኪራይ ያተረፍን የመሰለንን መንገዱ ወሰደው። መሥሪያ ቤቴ ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ካልወጣሁ የቃሊቲና የሳሪስ መንገድ ይዘጋጋል፤ ማታ ጎተራን አልፌ ቤቴ ስደርስ ብዙውን ጊዜ ከምሽቱ 2 ሰዓት ይሆናል። ያለችኝ መኪና አሮጌ ቪትዝ ናት። የነዳጅ ድጎማው በደረጃ መነሣት በጀመረበት በሐምሌ 2014 ዓ.ም. አንድ ሊትር ቤንዚን ከ50 ብር በታች ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. 100 ብርን አለፈ፤ ዛሬ ለነዳጅ ብቻ በወር ወደ 11,000 ብር አወጣለሁ። በታክሲ ሞክሬዋለሁ፤ ከቤት እስከ ሜክሲኮ ሦስት ጊዜ መሳፈር፣ በእያንዳንዱ ፌርማታ መሰለፍ አለ፤ ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ሰልፉም ይፈርሳል። ከገንዘቡ ይልቅ የሚቆጨኝ ሰዓቱ ነው። ትንሹ ልጄ ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚያየኝ ስተኛና ስነሣ ብቻ ነው፤ አንድ እሑድ ጠዋት ቁርስ ላይ «አባዬ፣ ዛሬ እዚህ ነህ?» ብሎ እናቱን እያየ ጠየቀኝ። ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ ተሸክሜው እዞራለሁ።

የምከፍለው ግብር ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለውኃና ለትራንስፖርት እንደሚውል አምናለሁ፤ ችግሩ እነዚህን ሁሉ እንደገና ከኪሴ መግዛቴ ነው። በአቅራቢያችን የመንግሥት ትምህርት ቤት አለ፤ መምህራኑንም አከብራለሁ፤ ግን በአንድ ክፍል የሚታጨቀውን የተማሪ ብዛት ሄጄ ካየሁ በኋላ ልጆቼን ለማስገባት ልቤ አልፈቀደም። ውኃ በፈረቃ ነው የምናገኘው፤ የፈረቃው ቀን ካለፈ በጀሪካን ገዝተን አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ድረስ እንሸከማለን። ሁለተኛዋ ልጄ የአስም ሕመም አለባት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ፤ ከውጭ የሚመጣው መድኃኒቷም ተከትሎ ወጣ። የምንዛሪ ለውጡ ለኢኮኖሚው ያስፈልግ ነበር የሚሉ ባለሙያዎችን ሐሳብ አድምጫለሁ፤ የልጄ ሳል በሌሊት ሲቀሰቀስ ግን የማስበው መድኃኒት ቤቱ ምን ያህል እንደሚጠይቀኝ ነው።

ስለ ባለቤቴ ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ነርስ ናት፤ ሥራዋንም ትወደው ነበር። ሦስተኛው ልጅ ከተወለደ በኋላ ወደ ሥራ ለመመለስ አስልተን አየነው፤ የተጣራ ደመወዟ 11,000 ብር አይሞላም፤ ሞግዚት 6,000 ብር ከነቀለቧ፣ የእርሷ የመመላለሻ ታክሲ ደግሞ ከ3,000 ብር በላይ። የሌሊት ተረኛ በምትሆንባቸው ቀናት እኔም ከመሥሪያ ቤት በጊዜ መድረስ አልችልም። በመጨረሻ ሥራዋን ለቀቀች። ሰዎች «ባሏ ጥሩ ስለሚያገኝ አረፈች» ይላሉ። አላረፈችም፤ ከ15 ዓመት በላይ ተምራና ሠርታ ያካበተችውን ሙያ ቤት አስቀምጣ፣ ውኃ ተሸክማ፣ ሦስት ልጅ አስጠንታ ነው የምትውለው። አገሩ ነርስ ያስፈልገዋል ሲባል በቴሌቪዥን ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

የተረፈውን ላስላ። ኪራይ፣ የአሁኑ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ በወር 5,000 ብር የሁለቱ ልጆች ሰርቪስ፣ ነዳጅ፣ ደሴ ላለችው እናቴ የምልከው 4,000 ብር ሲቀነስ 21,650 ብር ይቀራል። ከዚህ ውስጥ ጤፍና ማስፈጫው ብቻ ሲሶ ያህሉን ይወስዳል፤ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ወተት፣ ሳሙና፣ መብራት፣ ስልክ፣ ሐኪም ቤት፣ ዕድር ሁሉ የሚሸፈነው በቀረው ነው። የክረምቱን ምዝገባ የምንከፍለው በዕቁብ ነው፤ ዳኛውን ለምነን ዕጣችንን ለነሐሴ እናስይዛለን። ለእናቴ የምልከውን ማንም ቀንስ እንዳይለኝ እለምናለሁ፤ እኔን ያስተማረችኝ ጠላ ጠምቃ ነው።

የራስህ ቤት ቢኖርህ ይህ ሁሉ ባልመጣ የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። በ2005 ዓ.ም. የ40/60 የቁጠባ ቤቶች ምዝገባ ሲካሄድ ወንደላጤ ነበርሁ፤ ተመዝግቤ ቆጥቤያለሁ፤ ዕጣው እስካሁን አልደረሰኝም። በኋላ የባንክ ብድር ጠየቅሁ፤ ጊዜው የባንኮች የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ገደብ ከተጣለበት ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ ስለነበር «ይጠብቁ» ተባልሁ። ስጠብቅ የቤቱ ዋጋ ሄደ።

የኪራይ ውላችን ኅዳር ላይ ያበቃል። አከራዩ ከዚያ በኋላ 25,000 ብር እንደሚፈልጉ ከወዲሁ ነግረውናል። ስለዚህ ባለፈው እሑድ ከባለቤቴ ጋር በገላን በኩል ወጣ ብለን አንድ ቤት አየን፤ 14,000 ብር ነው፤ ግቢው ሰፊ ነው፤ ልጆቹ የሚሮጡበት ሣር አለው፤ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ስንመለስ የሰርቪሱን ሾፌር ጠየቅሁት። ወደዚያ እንደማይሄድ ነገረኝ።

ትምህርት ቤቱ የሚቀጥለው ዓመት የምዝገባ ቅጽ ልኮልናል፤ እስከ ሐምሌ 30 መመለስ አለበት። የሦስት ልጆች ስም የሚሞላበት ቦታ አለው። እስካሁን የጻፍነው የትልቋን ብቻ ነው።