ወንፈል በቴሌብር

ዘንድሮ አዲስ አመል መጥቷል። ባለፈው ሳምንት ጤፉን በወንፈል፣ ማለትም በጉልበት ብድር፣ ያሳጨደ ሰው፣ ብድር መመለሻው ቀን ሲደርስ ስልኩን ያነሳና «ወንድምዓለም፣ የቀንህን ሒሳብ በቴሌብር ላክሁልህ፤ ደረሰህ?» ይላል። ብሩስ ደርሷል። የባልንጀራው ጤፍ ግን እንደቆመ ነው።

የወንፈል ሕግ ቀላል ነው፤ ቀን በቀን፣ ማጭድ በማጭድ። ጥማድ ይዞ የመጣ ጥማድ ይመለስለታል፤ በሬ የሌለው ደግሞ በጉልበቱ ቀን ጨምሮ ይክሳል። ጎልማሳ አጭዶለት ሲያበቃ የአሥር ዓመት ልጁን የሚልክ ሰው ስሙ በየቡናው ይነሳል። ማኅበራዊ ኑሯችን ሲወደስ ፍቅር ብቻ ይመስላል እንጂ የጎጃም ገበሬ የባልንጀራውን ቀን ከባንክ አጥብቆ ይቆጥራል፤ ደግ አደረገ። ጤፍ ይሉኝታ አያውቅማ! አልፎ ከደረቀ ይረግፋል፤ ስለዚህ ጠዋት ጠሉ ሳይለቀው ነው የሚታጨደው። በኅዳር ብር ይዞ አጫጅ ፍለጋ የወጣ ሰው፣ አገሩ ሁሉ የየራሱ ማሳ ላይ አጎንብሶ ያገኘዋል።

ደቦ ሌላ ነው። ደቦ ጠሪ ቀን አይቆጠርበትም፤ ያበላል፣ ያጠጣል። መከራው ጠላው ላይ ነው። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራና በጥንጁት ካልታጠነ፣ ጌሾው ሁለት ሦስት ቀን ካልተጠነሰሰ፣ ብቅሉና ቂጣው ገብቶ ከተደፈደፈ በኋላም አፉ በደንብ ካልተመረገ ጠላው ይኮመጥጣል። ይህን የማታውቅ ባለሙያ የለችም። አውቆ ማጥፋት ግን አለ፤ ወፍራሙ ለሊቀመንበሩ ጓዳ ይቀመጥና፣ አተላው ላይ ውሃ ተቸልሶ የወጣው ቅራሪ ከጠዋት ጀምሮ ወገቡን ላጎበጠው ሰው ይቀዳለታል። «ጠጣ እንጂ፣ ምነው?» ይባላል ደግሞ! ይህች ቂም ይቅርታ የላትም።

መተጋገዝ በተነሳ ቁጥር «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይተረታል። ተረቱን እወደዋለሁ፤ ሚዛን ላይ ሲወጣ ነው የሚያሳፍረው። ሃምሳ ሎሚ ቢከብድ አራት ኪሎ ነው። ቢቸና ገበያ ኩንታል ጤፍ ከመኪና የሚያወርድ ወዛደር በአንድ እጁ አንጠልጥሎት ይሄዳል። ይልቅ ጌጡ የሚለው እውነት አለበት፤ ሃምሳ ሰው አንዳንድ ሎሚ ይዞ ሲያጌጥ ነዶውን ማን ይከምር? ምሳ ሲቀርብ ብቻ የሚበዛ ደቦ ይቅርብን፤ ስድስት አጫጅ ይበቃል።

ባልንጀርነት በደንብ የሚታየው መቀናጆ ላይ ነው። አንዳንድ በሬ ያላቸው ሁለት ሰዎች አቀናጅተው በየተራ ያርሳሉ። አንደኛው በሬ ካጠረ ቀንበሩ ያዘነብላል፤ ጫንቃ ይላጣል፣ ትልሙም ይጣመማል። አንደኛው ከለገመ ሌላው የሁለቱን ይጎትታል። ስለዚህ አስቀድሞ በሬዎቹን ጎን ለጎን አቁሞ ማየት ነው። ሰዎቹን ጎን ለጎን አቁሞ ያየ ግን የለም፤ የጤፍ መሬት አራት አምስቴ ይታረሳል፣ ዝናቡ ጥሎ መሬቱ ሲርስ «እኔ ልቅደም፣ እኔ ልቅደም» የሚለው ጭቅጭቅ ስንቱን አበልጅ አኮራርፏል።

ብቻ ያ ብር ላኪ፦ የማኅበር መዋጮ ከሆነ በቴሌብር ይላክ፣ ማንም አይቀየምም። ለወንፈል መምጣት ያልቻለ በዋዜማው ይናገር፤ በምትኩም እኩያውን ጎልማሳ ይላክ። ምትኩም ማጭዱን ስሎ ይምጣ፤ ባዶ እጁን መጥቶ «ማጭድ አላችሁ?» ለሚለው ገና ሌላ ወግ ያስፈልገዋል።